የመጀመሪያው ምት፦ ከርነል ሰዓቱን ሲያስነሳ ገምጋሚው ምን ያያል?

በአልዊነር ኤ64 ቺፕ የተሠሩ አነስተኛ ኮምፒውተሮችን የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸው ነበር። ማሽኑ በደህና እየሠራ ሳለ ቀኑ በድንገት 95 ዓመት ወደፊት ይዘላል። አንዳንዴም ዝላዩ የ95 ብዜት ይሆናል። የተሰበረ ዕቃ የለም፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም፤ ኮምፒውተሩ ግን በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን እንዳለ አምኖ ሥራውን ይቀጥላል።

95 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሒሳብ ነው። በቺፑ ውስጥ ያለው ቆጣሪ በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ይቆጥራል፤ የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ቆጣሪውን ባለ 56 ቢት አድርጎ ያነበዋል። ባለ 56 ቢት ቆጣሪ በዚህ ፍጥነት ሞልቶ ወደ ዜሮ ለመመለስ ሦስት ቢሊዮን ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህም 95 ዓመት መሆኑ ነው። የሆነውም እንዲህ ነው፦ ቆጣሪው አልፎ አልፎ፣ ታችኛዎቹ ቢቶች በሚገለበጡበት ቅጽበት ከተነበበ፣ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ከርነሉ አዲሱን ንባብ ከቀድሞው ጋር ሲያነጻጽር ጊዜ ወደኋላ ሊሄድ ይችላል ብሎ አይጠብቅምና፣ ጥቂቷን የኋሊት መንሸራተት ሙሉ ዙር ወደፊት እንደተኬደ ይቆጥራታል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሊኑክስ 5.1 ውስጥ ገባ። ታችኛዎቹ ቢቶች ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም አንድ ሆነው ከተገኙ ንባቡ አይታመንም፤ ቆጣሪው እንደገና ይነበባል።

የታይመሩን ድራይቨር ኮድ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ጉድለት ሊያየው አይችልም ነበር። እያንዳንዱ መስመር ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ኮዱ ያመነው ሃርድዌር ነው። የዛሬው ዲስኩር ጉዳይም ይኸው ነው፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል ሰዓቱን የሚያስነሳበት ኮድ እንዴት ይገመገማል? ኮዱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ መስመሮች አይበልጥም። ሆኖም ሌላው ሁሉ የሚለካው በእሱ ስለሆነ፣ ሲሳሳት የሚያጋልጠው ሌላ የከርነል ክፍል በአብዛኛው አይገኝም። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ቡናውን አሥር ጊዜ ቢመዝነው ስህተቱን አያገኘውም። የዲስክ ድራይቨር ቢያንቀላፋ ከርነሉ ጊዜ ቆጥሮ «ዘገየህ» ይለዋል፤ ታይመሩ ቢያንቀላፋ ግን ማን ቆጥሮ ይነግረዋል?

ታይመር ለከርነሉ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው ሳያቋርጥ መቁጠር ነው፤ «አሁን ስንት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ቆጣሪ ሲሆን ሊኑክስ ክሎክሶርስ ይለዋል። ሁለተኛው መቀስቀስ ነው፤ «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ንገረኝ» ሲባል ሰዓቱ ሲደርስ ለፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት ይልካል፤ ይህኛው ክሎክኢቨንት ይባላል። ሁለቱ በሊኑክስ ውስጥ በወጉ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ነው። የመጀመሪያው በጆን ስቱልትዝ ሥራ፣ ሁለተኛው በቶማስ ግላይክስነርና በኢንጎ ሞልናር ሥራ ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ቤተሰብ የራሱን የሰዓት ኮድ ይጽፍ ስለነበር አንድ ዓይነት ስህተት በየቦታው ይደገም ነበር።

ከዚያም በፊት የነበረው ታሪክ ሊዘለል አይገባም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ፒሲ ውስጥ ኢንቴል 8253 የተባለ የታይመር ቺፕ ነበር፤ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይቆጥራል። ይህን የመሰለ ያልተስተካከለ ቁጥር የመረጠው ሰዓት ሠሪ አይደለም። ፒሲው ከቴሌቪዥን ጋር እንዲሠራ ስለተፈለገ ዋናው ክሪስታል 14.31818 ሜጋሄርዝ ሆነ፤ እሱ ለ4 ሲካፈል የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀለም ሞገድ ይገኛል፣ ለ12 ሲካፈል ደግሞ የታይመሩ ፍጥነት። ቆጣሪው ባለ 16 ቢት ስለነበር ሙሉውን ሲዞር በሰከንድ 18.2 ያህል ምት ይሰጣል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል ደግሞ በሰከንድ 100 ምት ፈለገ፤ ስለዚህ ቆጣሪው በየ11,932 ያህል ቁጥሩ እንዲመታ ተደረገ። ማካፈሉ እኩል እንደማይደርስ ልብ በሉ። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ትንሽ ቀሪ ነበረች፤ የሰዓት ኮድ ታሪክ በአብዛኛው የዚያች ቀሪ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ አነሳሱ። ሊኑክስ ሲነሳ ስታርት ከርነል በምትባለው ፈንክሽን ውስጥ ኢንተራፕቶች ሁሉ ተዘግተው ይቆያሉ። በቅድሚያ የኢንተራፕት ሰንጠረዦች ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ የከርነሉ የውስጥ የጊዜ መዝገቦች ይከፈታሉ፤ ከዚያ የሃርድዌር ታይመሩ ድራይቨር ይጠራል፤ ኢንተራፕት የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከርነሉ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ግምት ይወስዳል፤ በስክሪኑ ላይም «ካሊብሬቲንግ ዲሌይ ሉፕ» የሚል መስመር ይታያል።

ሊኑክስን በአዲስ ቦርድ ላይ ለማስነሳት የሞከረ መሐንዲስ ያንን መስመር ያውቀዋል። ብዙ ማሽን የሚቆመው እዚያ ነውና። ኮዱ የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው፦ ጂፊስ የተባለውን የምቶች ቆጠራ ያነባል፣ ከዚያም ቁጥሩ እስኪለወጥ ይጠብቃል። ታይመሩ ኢንተራፕት ካልላከ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ጥበቃውም ማብቂያ የለውም። የኢንተራፕት ቁጥሩ በሃርድዌር መግለጫው ውስጥ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ለታይመሩ የሚደርሰው ክሎክ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተራፕቱን የሚቀበለው ኮድ፣ ሃንድለሩ፣ ተመዝግቦ ታይመሩ ራሱ እንዲጀምር ሳይታዘዝ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፦ የቆመ ስክሪን። በዘመናዊ የኤአርኤም ቺፖች ላይ ከርነሉ ፍጥነቱን ከታይመሩ ድግግሞሽ ወስዶ ይህን ልኬት ስለሚያልፈው፣ ማሽኑ ጥቂት መስመር ወደፊት ሄዶ ይቆማል፤ ምክንያቱን መፈለግም የባሰ ይከብዳል።

ስለዚህ ገምጋሚው ከሁሉ በፊት የሚያነበው ቅደም ተከተልን ነው። የሬጂስተሮቹ አድራሻ ይገኛል፤ ክሎኩ ይከፈታል፤ ድግግሞሹ ይጠየቃል፤ ሃርድዌሩ ይቆማል፣ የተንጠለጠለ ኢንተራፕት ካለም ይጸዳል፤ ሃንድለሩ ይተከላል፤ በመጨረሻ ታይመሩ በከርነሉ ዘንድ ይመዘገባል። ምዝገባው መጨረሻ መሆኑ ምክንያት አለው። ከርነሉ ታይመሩን በተቀበለበት ቅጽበት ሊያዝዘው ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ያልተዘጋጀ ነገር ካለ ከዚያ በኋላ የሚሰናዳበት ዕድል የለም።

ማቆምና ማጽዳት የምትለዋ እርምጃ በጥሩ መሐንዲሶች ኮድም ትዘለላለች። የምትዘለለውም ጸሐፊው ሃርድዌሩ ገና ከመብራት ተነሥቶ ንጹሕ እንደሆነ ስለሚያስብ ነው። ከርነሉ ግን ወደ ባዶ ቤት አይገባም። ከእሱ በፊት ከርነሉን የሚጭነው ቡትሎደር ታይመሩን ለራሱ መዘግየት ተጠቅሞበታል፤ ብዙ ጊዜም እየቆጠረ ትቶት ይሄዳል። የባሰም አለ። ሊኑክስ ሲወድቅ የአወዳደቁን መረጃ የሚሰበስብ ሁለተኛ ከርነል ኬዳምፕ በሚባለው አሠራር ይነሣል፤ ያኔ ሃርድዌሩ የቆየው የሞተው ከርነል በተወው ሁኔታ ላይ ነው፤ ታይመሩ ሊመታ ሩብ ሚሊሰከንድ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ የሚጠራው ኢንተራፕት ከተከፈተ በኋላ ከሆነ፣ ሃንድለሩ በተተከለ ቅጽበት ያቺ የቆየች ኢንተራፕት ትገባለች። ሃንድለሩም ገና ከርነሉ ያልሞላውን ባዶ አድራሻ ሊጠራ ይሄዳል፤ ማሽኑ ይወድቃል። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ መቶ ጊዜ በደህና የተነሣ ቦርድ ሌላ ቦታ የሚወድቀው በዚህ ዓይነት ነው።

የስህተት መንገዶች አጭር ነገር ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አያንስም። ለረጅም ጊዜ በሊኑክስ ውስጥ የታይመር ማስጀመሪያ ፈንክሽኖች ምንም ውጤት አይመልሱም ነበር፤ ክሎኩ ባይከፈት ከርነሉን መጣል ወይም ዝም ብሎ መመለስ ብቻ ነበር ምርጫው። የዚህ ክፍል ኃላፊ ዳንኤል ሌዝካኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈንክሽኖቹ በሙሉ የስህተት ቁጥር እንዲመልሱ አድርጎ ለወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ገምጋሚ «ይህ ጥሪ ባይሳካስ?» ብሎ በየመስመሩ የመጠየቅ መብት አለው፤ የተከፈተው ክሎክ በስህተቱ መንገድ ላይ ይዘጋ እንደሆነም ያያል።

መጠርጠርን ለመማር የሚፈልግ ሰው በሊኑክስ የኤክስ86 ክፍል ያለውን የኤችፔት ኮድ ቢያነብ ይጠቀማል። ኤችፔት ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ለፒሲ ያወጡት የታይመር መስፈርት ነው። ቺፑ የአንድ ቆጠራን ርዝመት ራሱ በፌምቶሰከንድ ይናገራል፤ በብዙ ማሽን ላይ 69,841,279 ፌምቶሰከንድ ይላል። የሚያሰላ ሰው ያቺን የቴሌቪዥን ክሪስታል፣ 14.31818 ሜጋሄርዝን፣ እዚህም ያገኛታል። ኮዱ ግን ቺፑ የነገረውን ወዲያው አይቀበልም። መጀመሪያ የማዘዣ ሬጂስተሩን ያነባል፤ ቢቶቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ እዚያ አድራሻ ላይ የሚመልስ ሃርድዌር የለም ማለት ሊሆን ስለሚችል እስከ 1,000 ጊዜ ደጋግሞ ያነባል፤ ካልተለወጠ ኤችፔትን ይተወዋል። ቀጥሎ የተነገረው ርዝመት ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ከሆነ ይተወዋል። በመጨረሻ ቆጣሪውን ያስነሳና በእርግጥ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ያያል።

ይህ የመጨረሻው ምርመራ ድንቅ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ከርነሉ ጊዜ መለካት አይችልም። «ትንሽ ቆይቼ እንደገና ላንብብ» ለማለት እንኳ ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የዑደት ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ፍጥነቱ ገና አልታወቀም፣ ቢሆንም 200,000 ዑደት ይጠብቃል። ፕሮሰሰሩ 4 ጊጋሄርዝ ቢሆን ይህ 50 ማይክሮሰከንድ ነው፤ 1 ጊጋሄርዝ ቢሆን 200። በሁለቱም ቢሆን ኤችፔት ከ500 ጊዜ በላይ መቁጠር ነበረበት። ትክክለኛው ጊዜ ሳይታወቅ በቂ ጊዜ ማለፉ ተረጋገጠ። ይህን የጻፈ ሰው ድንቁርናውን በወሰን አጥሮ ሠራበት፤ በማንኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ጥሩ ኮድ ነው።

እዚያው ኮድ ውስጥ ሌላ የሚታይ ቦታ አለ። ኤችፔት የሚቀሰቅሰው ቆጣሪው ከተጻፈለት ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከርነሉ በጣም ቅርብ ጊዜ ቢያዝዝ፣ ቁጥሩ እስኪጻፍ ድረስ ቆጣሪው አልፎት ሊሄድ ይችላል። ያኔ እኩልነቱ የሚመጣው ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ ነው፤ በ14.31818 ሜጋሄርዝ ይህ 300 ሰከንድ ይሆናል። ማሽኑ ሳይሞት አምስት ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ከጻፉ በኋላ ቆጣሪውን መልሶ ማንበብ፣ የቀረው ልዩነት ከዝቅተኛው ወሰን ካነሰም «አልፏል» የሚል ስህተት መመለስ ነው። አንድ ድራይቨር ሲመዘገብ ዝቅተኛውን የቀስቃሽ ርቀት እንዲናገር የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ያንን ቁጥር ከሌላ ድራይቨር ገልብጠው ያልፉታል። ገምጋሚ ሊተኛበት የማይገባ ቁጥር ቢኖር ይህ ነው፤ ከቺፑ ማኑዋል ወይም ከልኬት መምጣት አለበት።

ከዚያ ደግሞ ሒሳቡ አለ። 24 ሜጋሄርዝ ቆጣሪ ላይ አንድ ቆጠራ 41.666 ናኖሰከንድ ነው፤ ከርነል ውስጥ ግን በአስርዮሽ ነጥብ አይሠራም። 41 ብሎ የተወ ሰው ሰዓቱ በቀን 23 ደቂቃ ወደኋላ ይቀርበታል። ሊኑክስ ይህን የሚፈታው በትልቅ ቁጥር አባዝቶ ከታች ያሉ ቢቶችን በመጣል ነው፤ 24 ቢት ቢጣል ስህተቱ በቀን ከ0.1 ሚሊሰከንድ በታች ይወርዳል። ድራይቨር ጸሐፊ ማድረግ ያለበት ትክክለኛውን ድግግሞሽ መስጠት ብቻ ነው፤ ማባዣውን ከርነሉ ራሱ ያሰላዋል። ድግግሞሹን በኮዱ ውስጥ በቁጥር የጻፈ ድራይቨር፣ ነገ ያው ቺፕ በሌላ ክሪስታል ሲመጣ ይሳሳታል።

የቀሪዋ ዋጋ እስከምን ሊደርስ እንደሚችል ዳህራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 25 ቀን 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ባትሪ የመጣውን ስከድ ሚሳኤል ሳይተኩስበት ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሥርዓቱ ጊዜን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይቆጥር ነበር፤ ያንን ወደ ሰከንድ የሚቀይርበት ቁጥር ደግሞ በባለ 24 ቢት ሬጂስተር ውስጥ ተቆርጦ ነበር። ባትሪው ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ስለቆየ ስህተቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ አደገ። ለስከድ ፍጥነት ያ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ነው። ፓትሪዮትን ይጠቀሙ የነበሩ እስራኤላውያን የሰዓቱን መንሸራተት ከሁለት ሳምንት በፊት አስታውቀው ነበር፤ የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ቆጣሪ ሲሞላስ? የዊንዶውስ 95 ተጠቃሚዎች ማሽናቸው ከ49.7 ቀን በኋላ እንደሚቆም ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ባለ 32 ቢት የሚሊሰከንድ ቆጣሪ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ይልቅ ለአገራችን የሚቀርብ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የቦይንግ 787 አውሮፕላን የጀነሬተር መቆጣጠሪያዎች ያለማቋረጥ ለ248 ቀን መብራት ከቆየላቸው በውስጣቸው ያለ ቆጣሪ ሞልቶ አውሮፕላኑ ሙሉ የኤሲ ኃይል ሊያጣ እንደሚችል አስታወቀ። ችግሩ የተገኘው በቤተ ሙከራ ነው። መመሪያውም አውሮፕላኑ በየተወሰነ ጊዜ መብራቱ እንዲጠፋ የሚያዝ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ድርጅት ነውና፣ ይህ ዓይነቱ የጥገና መመሪያ ቦሌ ላይም የሚያስፈልግ ነበር። የፕላስና የማይነስ ምልክት የሚይዝ ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በሰከንድ መቶኛ ቢቆጥር የሚሞላው ልክ በ248 ቀን ተኩል ነው።

የሊኑክስ ሰዎች ለዚህ ያበጁት ዘዴ ለገምጋሚ ትልቅ እገዛ ነው። ጂፊስ ከዜሮ አይጀምርም፤ ባለ 32 ቢቱ ቆጠራ ማሽኑ ከተነሣ አምስት ደቂቃ በኋላ እንዲሞላ ሆን ተብሎ ከጫፍ ላይ ይነሣል። 497 ቀን ተደብቆ ሊቆይ የሚችል ስህተት በአምስት ደቂቃ ውስጥ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። አዲስ ታይመር ድራይቨር የሚጽፍ ሰውም ሃርድዌሩ ከፈቀደ የራሱን ቆጣሪ ለሙከራ ከጫፉ አስጠግቶ ቢያስነሳ፣ ገምጋሚውም ይህ ተደርጎ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ብዙ ወራት ይተርፋል።

በኤአርኤም ዓለም ከድራይቨሩ በፊት የሚመጣው ፈርምዌር ነው። የታይመሩን ድግግሞሽ በአንድ ሬጂስተር ውስጥ የሚጽፈው እሱ ነው፤ በእያንዳንዱ ኮር ላይም መጻፍ አለበት። ሳይጽፈው ሲቀር ቁጥሩን የሃርድዌር መግለጫ በሆነው በዲቫይስ ትሪ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የሊኑክስ ሰነድ ግን ይህን አጥብቆ ይቃወማል፤ ፈርምዌሩን አስተካክሉ ይላል። ምክንያቱም ያው ቺፕ ላይ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲነሣ ወይም የከርነሉ እንግዳ የሆነ ቨርችዋል ማሽን ሬጂስተሩን ራሱ ሲያነብ የዲቫይስ ትሪው እርዳታ አይደርስለትም። ግምገማ ላይ ያቺ መስመር ስትታይ፣ ፈርምዌሩ ለምን ሊስተካከል እንዳልቻለ በጽሑፍ መልስ ሳይገኝ ልታልፍ አይገባም።

የቀረው ልኬት ነው። በአንዳንድ የኤክስ86 ማሽኖች ላይ ከርነሉ በየግማሽ ሰከንዱ የፕሮሰሰሩን ቆጣሪ እንደ ኤችፔት ካለ ሌላ ቆጣሪ ጋር እያነጻጸረ፣ ሲለያዩ የማይታመን ብሎ ይጥለዋል። በብዙ ትናንሽ ቦርዶች ላይ ግን ሁለተኛ ሰዓት የለም። እንዲህ ባለው ቦርድ ላይ የተጻፈ ድራይቨር ሲቀርብ፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ከኔትወርክ ሰዓት ጋር ሳይታረም ሮጦ ጠዋት ልዩነቱ ስንት እንደሆነ፣ ተኝቶ ሲነቃም ቆጠራው ከየት እንደቀጠለ የሚያሳይ ቁጥር አብሮ መቅረብ ይኖርበታል።